ሁለተኛው ዲግሪ የማን ነው?

«ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የመጀመሪያዋ ልጄ 11ኛ ክፍልን እየጨረሰች ነው። አራተኛ ክፍል እያለች ትምህርት ቤት ቫዮላ የሚባለውን፣ ከቫዮሊን ተለቅ ያለ መሣሪያ አስጀመሯት፤ ይወጣላታል ስንል ጭራሽ ባሰባት። አሁን በወጣቶች ኦርኬስትራ ውስጥ ትጫወታለች፤ በቀን ሁለት ሦስት ሰዓት ክፍሏን ዘግታ ትለማመዳለች። በትምህርቷም ጎበዝ ናት፣ በተለይ በባዮሎጂና በኬሚስትሪ። እኔ ነርስ ነኝ፣ የሌሊት ተረኛ። አባቷ ታክሲ ይነዳል። ሐኪም ትሆንልናለች ብለን ነበር ያሳደግናት። ባለፈው ወር ‹ሁለቱንም እማራለሁ፤ በአምስት ዓመት ሁለት ዲግሪ የሚሰጡ ኮሌጆች አሉ፣ አንዱን በቫዮላ፣ አንዱን በባዮሎጂ› አለችን። አባቷ ‹ሙዚቃ በትርፍ ሰዓት ነው፤ ለሱ ተብሎ የኮሌጅ ገንዘብ አይከፈልም› ይላል። እህቱ ደግሞ ‹አሜሪካ ድረስ የመጣችሁት ልጃችሁን አዝማሪ ልታደርጉ ነው?› ብላ ነገሩን አባባሰችው። እኔ መሃል ላይ ቀረሁ። እውነት ሁለቱን አንድ ላይ መማር ይቻላል? ጤናዋስ? ገንዘቡስ? ቫዮላዋ የኪራይ ነው፤ ለኦዲሽን (ለመግቢያው የመጫወት ፈተና) ሲባል የተሻለ መግዛት አለብን? — እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ»

እህቴ፣ ሰላም ለቤትዎ ይሁን።

መማሩ ይቻላል። ልጅዎ የነገረችዎትን ከራሷ አልፈጠረችውም። ኦሃዮ ያለው ኦበርሊን እና ዊስኮንሲን ያለው ሎረንስ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለ የአምስት ዓመት ትምህርት አላቸው። መንገዱ ካልተዘጋ ከቤታችሁ አንድ ሰዓት በማይሞላ ጉዞ ባልቲሞር የሚገኘው የፒቦዲ የሙዚቃ ትምህርት ቤትም ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ይሰጣል። ኒውዮርክ ያለው ባርድ ኮሌጅ በ2005 እ.ኤ.አ. ኮንሰርቫቶሪውን፣ ማለትም ሙዚቀኛ የሚያሠለጥን ትምህርት ቤቱን፣ ሲከፍት ደግሞ ግዴታ አደረገው፤ እዚያ ለባችለር ዲግሪ የገባ ሙዚቀኛ ሁሉ ከሙዚቃ ውጪ ሁለተኛ ዲግሪ መያዝ አለበት።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ባለቤትዎ ሙዚቃውን ለምን እንደማይወዱት ጽፈውልኛል፣ እህታቸው ያሉትን ጽፈውልኛል፣ እርስዎ የሚፈሩትንም ነግረውኛል። ልጅዎ ባዮሎጂን ለምን እንደፈለገችው ግን የተጻፈ ነገር የለም። ጎበዝ ናት ብለውኛል፤ ሰው ግን የማይወደውን ትምህርት በጉብዝናው ብቻ ሊያልፍ ይችላል። ልጆችን ለኦዲሽን ሳዘጋጅ ደጋግሞ የገጠመኝ ነገር ስላለ ነው እዚህ ላይ የምቆመው። የእኛ ቤት ልጅ «ሁለቱንም እማራለሁ» ሲል፣ ብዙ ጊዜ አንዱ ዲግሪ የራሱ ነው፤ ሌላው ወላጆቹ ዝም እንዲሉለት ያስያዘው መያዣ ነው። ቫዮላውን እንድትፈቅዱላት ልጅዎ ባዮሎጂን መያዣ አድርጋው ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ሁለተኛው ዓመት ላይ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ሲመጣ መያዣው ከብድሩ ይከብዳል። ሁለት ዲግሪ ጀምረው አንዱን የጣሉ ልጆች አውቃለሁ፤ በብዙዎቹ ዘንድ የተጣለው መጀመሪያውኑ የነሱ ያልነበረው ነው።

ተሳስቼም ሊሆን ይችላል። ምናልባት የሰውን ገላ አሠራር ስታጠና ሰዓቱ የሚያልፋት ልጅ ትሆናለች። ስለዚህ ይጠይቋት። አባቷ በሌሉበት፣ የኮሌጅ ስም ሳይነሣ፣ መኪና ውስጥ ብትሆኑ ይሻላል፤ የዚህ አገር ልጅ ዓይን ለዓይን ሳይተያይ ነው እውነቱን የሚያወራው። «ሐኪም መሆን የለብሽም ብንልሽ ባዮሎጂን ትማሪው ነበር?» ይበሏት። ሳታንገራግር «አዎ» ካለች ከዚህ በታች ስለ አምስት ዓመቱ የምጽፈው ሁሉ ለእሷ ነው። ዝም ካለች፣ ወይም «ሂሳብ ይሻለኛል»፣ «ቋንቋ ይሻለኛል» ካለች፣ ሁለተኛው ዲግሪ የማን እንደሆነ አወቁ ማለት ነው።

አሁን ለባለቤትዎ የሚያነቡላቸው ክፍል ይኸውልዎ። የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የባዮሎጂ ዲግሪ አይጠይቁም። የሚፈልጉት የተወሰኑ ኮርሶችን ነው፦ ባዮሎጂ ከነላቦራቶሪው (ላብ)፣ ጄኔራል ኬሚስትሪ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ፣ በብዙዎቹ ዘንድ ባዮኬሚስትሪ፣ ከዚያም ስታቲስቲክስና እንግሊዝኛ የመሳሰሉት። በላዩ ላይ ኤምካት የሚባለው ፈተና አለ፤ ጥሩ ውጤት ያስፈልጋል፤ ክሊኒክ ወይም ሆስፒታል ውስጥ ከታማሚ ጋር ያሳለፈችው ጊዜም ይታያል። ዲግሪዋ በታሪክ ሊሆን ይችላል፣ በፍልስፍና ሊሆን ይችላል፣ በቫዮላም ሊሆን ይችላል። ሰው ሁሉ «ፕሪ-ሜድ» የሚለው ነገር ራሱ በአብዛኛው ኮሌጅ የኮርሶች ዝርዝር እንጂ ሜጀር፣ ማለትም ዋና የትምህርት መስክ፣ አይደለም።

ስለዚህ የእናንተ ምኞት ሐኪምነቱ ከሆነ፣ በቫዮላ አንድ ዲግሪ እየያዘች እነዚህን ኮርሶች በጎን መውሰድ ትችላለች። የባዮሎጂ ሜጀር ለመጨረስ የሚጠየቁት የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ኮርሶች ይቀሩላታል፤ ሸክሙን የሚያከብዱትም እነሱ ናቸው። ቤታችሁ ውስጥ ጸብ ያስነሣው ሁለተኛው ወረቀት፣ እናንተ ልታስገቧት ለምትፈልጉት በር ቁልፍ አይደለም። ኒውዮርክ ውስጥ ሪቻርድ ኮጋን የሚባሉ የሥነ አእምሮ ሐኪም አሉ። በልጅነታቸው ጁሊያርድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ፒያኖ ተምረው፣ ሃርቫርድ ኮሌጅን፣ ቀጥሎም የሃርቫርድን ሕክምና ትምህርት ቤት ጨርሰው እስከ ዛሬ ኮንሰርት ይሰጣሉ። ለየት ያሉ ሰው ናቸውና ልጄ እንደሳቸው ካልሆነች አይበሉ፤ እኔ የጠቀስኳቸው ባለቤትዎ «የት ታይቶ ያውቃል?» እንዳይሉ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ይህ የሚሠራው የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ በዩኒቨርሲቲ ወይም በኮሌጅ ጥላ ሥር ከሆነ ነው። ብቻውን የቆመ ኮንሰርቫቶሪ የኬሚስትሪ ላብ የለውም። ልጅዎ በስሙ ብቻ ተማርካ እንዲህ ያለ ቦታ ከገባች ሳይንሱን ከውጭ መለመን ይሆንባታል።

ስሞቹ ስለሚመሳሰሉ ወላጅ ሁሉ እዚህ ይደናገራል። «ባችለር ኦፍ ሙዚክ» የባለሙያ ዲግሪ ነው፤ በጥቅሉ ከትምህርቱ 65 በመቶ የሚሆነው ሙዚቃ ነው፦ ከመምህር ጋር የግል ትምህርት፣ ቲዎሪ፣ የጆሮ ሥልጠና፣ የሙዚቃ ታሪክ፣ ኦርኬስትራ፣ ቻምበር ሙዚቃ (በትንሽ ቡድን የሚጫወቱት)፣ መጨረሻ ላይ ሪሳይታል፣ ማለትም የራሷ ኮንሰርት። «ባችለር ኦፍ አርትስ» በሙዚቃ ሲሆን ግን ሙዚቃው ከጠቅላላው ሲሶውን ትንሽ ቢያልፍ ነው፤ የቀረው ለሌላ ትምህርት ክፍት ነው። «ደብል ሜጀር» ሲባል በአንድ ዲግሪ ውስጥ ሁለት የትምህርት መስክ ማለት ነው፤ በአራት ዓመት ያልቃል። ልጅዎ ያለችው «ደብል ዲግሪ» ሁለት የተለያዩ ዲፕሎማዎች ናቸው። ለምሳሌ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፓርክ አንዱን ዲግሪ በ120 ክሬዲት ሲሰጥ፣ ሁለት ዲግሪ አንድ ላይ ለሚይዝ ተማሪ ቢያንስ 150 ክሬዲት ይጠይቃል። ልዩነቱ 30 ክሬዲት፣ ማለትም ሙሉ አንድ ዓመት ነው። አምስተኛው ዓመት የሚመጣው ከዚህ ነው።

የሚከብደው የክሬዲቱ ብዛት እንዳይመስልዎ። ጎበዝ ልጅ በሴሚስተር 18 ክሬዲት ትሸከማለች። የሚከብደው ሁለቱ ትምህርቶች የሚፈልጉት ተመሳሳይ ሰዓት መሆኑ ነው። የኬሚስትሪና የባዮሎጂ ላብ ከምሳ በኋላ ይጀምርና ሦስት አራት ሰዓት ይበላል። የኦርኬስትራ ልምምድም ከሰዓት በኋላ ወይም አመሻሹ ላይ ነው፤ ያለ ፈቃድ ከቀረች ውጤቷ ይነካል። ቲዎሪና የጆሮ ሥልጠና በተከታታይ ሴሚስተሮች የሚወሰዱ ናቸው፤ በብዙ ቦታ የመጀመሪያው የትምህርት ዘመኑ በሚከፈትበት ሴሚስተር (ፎል) ብቻ ይሰጣል። ያ ሴሚስተር ካለፈ እስከሚቀጥለው ዓመት መጠበቅ ነው። ኬሚስትሪውም እንዲሁ ሰንሰለት ነው። ሁለት ሰንሰለት በአንድ ልጅ አንገት ላይ ሲገባ፣ አንዲት ኮርስ በአንዲት ማክሰኞ ስለተጋጨች ብቻ ምርቃት በአንድ ዓመት ሊገፋ ይችላል። ከዚያ በኋላ ነው ቫዮላውን የምትለማመደው፤ ለባለሙያ ዲግሪ በቀን ሦስት አራት ሰዓት የተለመደ ነው። ያ ሰዓት በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ አይታይም፣ ክሬዲትም የለውም። የሚገኘው ከእንቅልፍ ላይ ተቀንሶ ነው።

ጓደኞቿን የምታይበት ሰዓት መኖሩን እንኳ እጠራጠራለሁ።

ስለዚህ ኮሌጅ ሲመርጡ ካምፓሱ አንድ መሆኑን እንደ ትልቅ ነገር ይዩት። ኦበርሊንም ሎረንስም ኮሌጁና ኮንሰርቫቶሪው አንድ ግቢ ናቸው፤ ከላብ ወጥታ ልምምድ ክፍል በእግሯ ትደርሳለች። ፒቦዲ ግን ያለው ባልቲሞር መሃል ማውንት ቨርነን ነው፤ የሆፕኪንስ ዋናው ካምፓስ ሆምውድ ደግሞ ወደ ሰሜን ሁለት ማይል ያህል ይርቃል፤ በመሃል የዩኒቨርሲቲው አውቶቡስ ይመላለሳል። ቦስተን አካባቢ ደግሞ ኒው ኢንግላንድ ኮንሰርቫቶሪና ተፍትስ ዩኒቨርሲቲ በጋራ የአምስት ዓመት ፕሮግራም አላቸው። ከ2022 መጨረሻ ወዲህ አረንጓዴው የባቡር መስመር ሁለቱን ያገናኛል፤ ያም ሆኖ ጥር ላይ በረዶ ውስጥ ቫዮላ ተሸክሞ ባቡር መጠበቅ አለ።

ስለ ጤናዋ ለእርስዎ ለነርሷ ብዙ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። የእጅ አንጓና የትከሻ ጅማት በድግግሞሽ ብዛት ሲቆጣ የሚፈልገው ዕረፍት ነው። የሁለት ዲግሪ ተማሪ ግን ጁሪ፣ ማለትም በሴሚስተሩ መጨረሻ በመምህራን ፊት የሚጫወቱት ፈተና፣ እና የኬሚስትሪ ፈተና በአንድ ሳምንት ይመጡባትና ዕረፍት የሚለውን ቃል አትሰማም። ካሁኑ «ያመኛል» ካለች «ትንሽ ቻይው» አትበሏት።

ገንዘቡን በዝርዝር ላውራ፤ የባለቤትዎ ሥጋት ውስጥ ትክክለኛው እሱ ስለሆነ። የግል ኮሌጅ ጠቅላላ ወጪ ዛሬ በብዙ ቦታ በዓመት ከ80 ሺህ ዶላር ያልፋል። ማንም ሙሉውን ይክፈል አይባልም፣ እንደ ቤተሰቡ ገቢ ይቀነሳል። ጥያቄው ግን አምስተኛው ዓመት ላይ ነው። ብዙ ስኮላርሽፖች የተጻፉት ለስምንት ሴሚስተር ነው። ዘጠነኛውና አሥረኛው ሴሚስተር ማን ይክፈለው? ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ የፌዴራል እርዳታ በዕድሜ ልክ እስከ 12 ሙሉ ሴሚስተር ስለሚቆጠር፣ ቤተሰባችሁ ብቁ ከሆነ አምስተኛው ዓመት ላይም አይቋረጥም። የፌዴራል የተማሪ ብድር ደግሞ በወላጅ ላይ ጥገኛ ለሆነ ተማሪ ለመላው የባችለር ዘመን 31 ሺህ ዶላር ላይ ይቆማል፤ አራት ዓመት ሙሉ የተበደረ ልጅ አምስተኛው ላይ የሚቀረው ትንሽ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ብድር በወላጅ ስም ወይም ከግል ባንክ ነው። ይህን አይንኩት። ሕክምና ትምህርት ቤት ወደፊት የሚጠብቃት ልጅ፣ ገና በባችለሩ ወላጆቿን ዕዳ ውስጥ ከትታ መጀመር የለባትም።

የእርዳታው ደብዳቤ ሲመጣ ለኮሌጁ የፋይናንሻል ኤድ ቢሮ በኢሜይል ይጠይቁ፦ ይህ ስኮላርሽፕ ለአሥር ሴሚስተር ነው ወይስ ለስምንት? ሁለት ትምህርት ቤቶች በሚጣመሩበት ቦታ ደግሞ እርዳታዋን የሚወስነው ኮንሰርቫቶሪው ነው ወይስ ዩኒቨርሲቲው? አንዱን ዲግሪ ብትተወው የሚቀርባት ገንዘብ አለ? በስልክ የተነገረ መልስ አይበቃም፤ በጽሑፍ ይያዙት። ይህ ሦስተኛው ጥያቄ በተለይ ይረሳል። ኮንሰርቫቶሪው የሰጠው ገንዘብ ለቫዮላዋ ስለሆነ፣ ቫዮላውን ስትተው አብሮ ይሄዳል።

ከዚህ ሁሉ ጎን የሜሪላንድን ዩኒቨርሲቲ አስቀምጡት። ለክፍለ ሀገሩ ነዋሪ የትምህርቱ ክፍያ በዓመት 12 ሺህ ዶላር አካባቢ ነው። የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ጥሩ ነው፣ ሳይንሱ ጠንካራ ነው፣ ሁሉም በአንድ ግቢ ነው፣ ከቤታችሁም ቅርብ ነው። ልጆች ቅርብ ስለሆነ ብቻ ይንቁታል። አምስት ዓመት እዚያ መማር አንዳንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ ሁለት ዓመት ከመማር ሊረክስ ይችላል።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ፣ ሙዚቃ ለሚማር ሰው ከኮሌጁ ስም የሚበልጥ ነገር አለ፤ መምህሩ ነው። ቫዮላ ተማሪ አራት አምስት ዓመት በየሳምንቱ የምትገባው አንድ ሰው ክፍል ነው። እጇን የሚያስተካክለው፣ ለሥራ የሚጠቁማት፣ ወይም ስሜቷን የሚሰብረው ያ አንድ ሰው ነው። ይህን አገር ቤት የሚያውቅ ያውቀዋል። ድጓ የፈለገ ጋይንት ቤተልሔም ይወርዳል፣ ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ዙር አምባ ይወጣል፣ ቅኔ የፈለገ ዋሸራ ይሄዳል። ተማሪው ስንቁን ይዞ የሚሄደው ሊቁን ተከትሎ ነው። ዜማውንም፣ አቋቋሙንም፣ ቅኔውንም፣ ትርጓሜ መጻሕፍቱንም የጨረሱ ሊቃውንት ነበሩን፤ ዛሬም አሉ። ክዋኔውን ከዕውቀቱ አልለዩም፤ ነገር ግን አንዱን ጉባኤ ሳይጨርሱ ሌላው ላይ አልተቀመጡም። ተራ በተራ ነበር።

እኔም የማደላው ወደዚህ ነው። ልጅዎ ሁለቱንም ከልቧ የምትወድ ከሆነ፣ ሁለቱን በአንድ ጊዜ መሸከም ግዴታ አይደለም። ዮ-ዮ ማ የሚባለውን ቼሎ ተጫዋች ሳይሰሙ አይቀሩም። ጁሊያርድ የቼሎ መምህሩ ሊዮናርድ ሮዝ ዘንድ ተምሮ፣ ከዚያ ሃርቫርድ ገብቶ በ1976 ተመረቀ። ተራ በተራ ነው። የእሱ መንገድ ለልጅዎ ሲተረጎም፣ ባችለር ኦፍ አርትሱን ጥሩ የቫዮላ መምህር ያለበት ኮሌጅ ተምራ፣ ልምምዷን ሳታቋርጥ፣ በቫዮላ ማስተርስ መቀጠል ማለት ነው። የየል የሙዚቃ ትምህርት ቤት ከገባች የትምህርት ክፍያ የለበትም፤ ችግሩ መግባቱ ነው። የተገላቢጦሹም አለ። በቫዮላ ተመርቃ፣ ሕክምናውን በኋላ ከፈለገችው፣ ፖስት-ባክ የሚባል የሳይንሱን ኮርሶች ብቻ በአንድ ዓመት ከምናምን የሚሰጥ ፕሮግራም አለ፤ ባልቲሞር አጠገብ ያለው ጎቸር ኮሌጅ በዚህ የታወቀ ነው። ክፍያው ቀላል አይደለም፣ አልደብቅዎትም።

«ከሁለቱ የቱ ይቅደም?» ብለው ቢጠይቁኝ ቫዮላው እላለሁ። ባለቤትዎ ይቆጡኝ ይሆናል። ሕክምና ትምህርት ቤት የሚገቡ ተማሪዎች አማካይ ዕድሜ 24 አካባቢ ነው፤ በ28 የሚገባም አለ፣ ማንም አይደንቀውም። ኦርኬስትራ ውስጥ ለመግባት የሚያበቃ እጅ ግን ከ18 እስከ 22 ባሉት ዓመታት ካልተሠራ፣ በኋላ መልሶ መሥራት እጅግ ከባድ ነው። ሕክምናው ይጠብቃታል። የኦርኬስትራ ሥራም ጥቂት መሆኑን ልጅዎ ታውቅ፤ አንድ የቫዮላ ቦታ ሲከፈት ከመላው አገር ነው ለውድድር የሚመጡት። ይህን አውቃ ከፈለገችው ፍላጎቷ እውነተኛ ነው።

የባለቤትዎን እህት በተመለከተ ብዙ አልልም። አሸናፊ ከበደ ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው፣ አዲስ አበባ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆነው፣ በኋላም ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን የሠሩ ሰው ነበሩ። ሙላቱ አስታጥቄም ወደ ዌልስ የተላከው ኢንጂነሪንግ እንዲማር ነበር። አዝማሪ መባል እንደ ስድብ የሚቆጠረው ደግሞ ሠርጋችንን ያለ አዝማሪ በማናደምቅበት አገር መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ቡና ሲጠጡ ይህን ያንሡላቸውና ወሬውን ወደ ሌላ ያዙሩት።

ቫዮላውን አሁን አይግዙ። እንደ ቫዮሊን አንድ የታወቀ ልክ የለውም፤ ለአዋቂ የሚሠራው ከ15 እስከ 17 ኢንች ድረስ ይለያያል፣ የድምፁም የትከሻዋም ነገር በዚያ ይወሰናል። የኮሌጅ መምህሯ መጀመሪያ ከሚለውጥባት ነገር አንዱ መሣሪያው ሊሆን ይችላል። ያኔ ኪሳራው ሁለት ጊዜ ነው። የሚያከራያችሁን ሱቅ ከፍ ያለ ደረጃ ያለው መሣሪያ እንዲቀይርላችሁ ጠይቁ፤ የከፈላችሁትን ኪራይ ከመግዣው ዋጋ የሚያስቡም አሉ። ለኦዲሽኑ ገንዘብ ማውጣት ካለባችሁ ቀስቱ ላይ አውጡት፤ በትንሽ ወጪ ትልቅ ለውጥ የሚመጣው በቀስት ነው። ከዚያም ፒያኖ አጃቢ መቅጠርና ጥሩ ቀረጻ ማሠራት ይመጣል።

ጊዜው ሩቅ አይደለም። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ቅድሚያ የሚሰጠው የማመልከቻ ቀን ኖቬምበር 1 ነው። ብዙ ኮንሰርቫቶሪዎች ዲሴምበር 1 ይዘጋሉ፤ ከኦዲሽኑ በፊት የቪዲዮ ማጣሪያ የሚጠይቁም አሉ። ስለዚህ ቀረጻው ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ላይ ማለቅ አለበት፤ ኦዲሽኑ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ነው። ለሁለት ዲግሪ ስታመለክት ኮሌጁና ኮንሰርቫቶሪው ለየብቻ ነው የሚወስኑት። አንዱ ተቀብሎ ሌላው ሊመልሳት ይችላል፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይሆናል። «ኮንሰርቫቶሪው ብቻ ከተቀበለሽ ትሄጃለሽ? ኮሌጁ ብቻ ከተቀበለሽስ?» የሚለውን ውጤቱ ሳይመጣ፣ ሦስታችሁ ተቀምጣችሁ ወስኑ። ኤፕሪል ላይ እንባና ደስታ ተቀላቅሎ መወሰን ይከብዳል።

በዚህ የትምህርት ቤት ዕረፍት (ሰመር) የምትሠራው ዋናው ሥራ መምህር ማየት ነው። የምታመለክትባቸውን ቦታዎች የቫዮላ መምህራን ከየድረ ገጹ ታውጣና፣ ለሁለት ለሦስቱ «የሙከራ ትምህርት ልወስድ እችላለሁ?» ብላ ትጻፍላቸው። የተለመደ ነገር ነው፣ አይቀየሙም፤ አንዳንዱ በነጻ ያያታል፣ አንዳንዱ ያስከፍላል፣ በቪዲዮ የሚያይም አለ። ሁለት ዲግሪ ማሰቧንም እዚያው ታንሣ። «የኔ ተማሪ ሌላ ነገር አይማርም» የሚል መምህር አለ፤ «ባለፈው ዓመት አንድ የፊዚክስ ተማሪ ነበረኝ፣ ሰዓት እናመቻቻለን» የሚልም አለ። ይህ መልስ ከማንኛውም የኮሌጅ ብሮሹር በላይ ይነግራችኋል። ኢሜይሉን ግን ራሷ ትጻፈው፣ እርስዎ ወይም አባቷ አትጻፉላት፤ መምህራኑ የወላጅን ጽሑፍ ከመጀመሪያው መስመር ያውቁታል።